ክቡር የሽቦ ሚኒስትሩ

መጀመሪያ ልብ ያልኩት የዳሽቦርዱን መብራት ነው። በቴፑ የምትዘፍነው ዘፋኝ ድምጿን ከፍ ስታደርግ ይደበዝዛል፤ ትንፋሽ ስትወስድ መልሶ ይደምቃል። ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ግቢው ውስጥ በቆመችው መኪና የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ መብራቱን አያለሁ። አሮጊቷ መኪና እንቅልፍ ወስዷት ዘፈኑን በሕልሟ የምትሰማ መሰለኝ።

«ሲያምር!» አልኩ።

«አያምርም፣ ብልሽት ነው» አለ የእህቴ ባል ከመሪው ሥር። የሚታየኝ እግሩ ብቻ ነበር። «ግን ቀላል ናት!»

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር በዓለም ላይ አልተቆረቆረም። ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ሠራተኛ ቢጠራበት ክብሩ የሚነካ፣ ሰዓት ቀጥ ባለ ቁጥር ዓይኑ የሚበራ፣ የፈታውን ሲገጥም ሁልጊዜ አንድ ብሎን የሚተርፈው፣ የተረፈችውንም «ድሮም ትርፍ ነበረች» ብሎ ኪሱ የሚከት። የእኛ ቤቱ ሰው «ክቡር የሽቦ ሚኒስትር» ይባላል። የሾመችው እህቴ ናት፤ የበሩን ደወል የጠገነ ጊዜ። እንግዳ በደወለ ቁጥር የወጥ ቤቱ መብራት ይጠፋ ነበር።

እህቴ ከመንደር መንደር እየነዳች ሕፃናት የምትከትብ ነርስ ናት። በክረምቱ መኪናዋ ጭቃ ላይ ተንሸራታ ከግንብ ጋር ከተጋጨች ወዲህ መሪ ጨብጣ አታውቅም። እሷን ጭረት እንኳ አልነካትም፤ ግን ቁልፉን ታነሳና መልሳ ትሰቅለዋለች። ሰኞ ወደ ሥራ ትመለሳለች። ካልነዳች ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል።

እንግዲህ በዚህ መሀል ነው ክቡርነታቸው ሬዲዮ ያለው አዲስ የመኪና ቴፕ ታቅፈው ብቅ ያሉት። ባለሙያ ይግጠመው ብንል፣ «ሽቦ ከሽቦ ለማያያዝ?» ብሎ ሳቀብን። ሐሙስ ቴፑ ዘፈነ። ዓርብ ባትሪው ሙጥጥ ብሎ መኪናዋ አልነሳም አለች። ባትሪውን አስሞልቶ ሲመልሰው ጉድ ፈላ። ፍሬን ሲረገጥ ጣቢያው ይቀየራል። የግራው ፍሬቻ ሲበራ ዘፋኟ እንደ ሰካራም ትንተባተባለች፤ የቀኙ ሲበራ ደግሞ ክላክሱ ይጮኻል። ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው፣ «ልጄ፣ እኔን ነው የምትጠራው?» አሉት።

ቅዳሜ ሙሉውን ጠዋት ፊውዞቹን እየነቀለ ወደ ፀሐይ አነሳቸው። እያንዳንዷን በአንድ ዓይኑ አሻግሮ ያይባታል፤ «ጤነኛ ናት» ይልና ይመልሳታል። በትንሽ አምፖል ሽቦዎቹን እየነካካ ኤሌክትሪኩ የት ደርሶ የት እንደሚቀር ይከታተላል። በመጨረሻ ማሳውን አገኘው፤ ኤሌክትሪኩ ወደ መኪናው ብረት የሚመለስበትን ጥቁር ሽቦ። ለካ ቀለም በተቀባ ብረት ላይ አስሮት ኖሯል! ቀለሙን ፍቆ እንደገና ሲያስረው ዘፋኟ ከስካሯ ነቃች፣ ጣቢያው ረጋ፣ መብራቱም መደብዘዙን ተወ። እኔ ትንሽ ቅር አለኝ። ክላክሱ ግን እንደ ጮኸ ነው።

«ፍንጭ እየሰጠችኝ ነው» አለ።

«ፍንጭ!» እህቴ በረንዳው ላይ ቆማለች። «አንተ ሰውዬ፣ እኔ ሰኞ ሥራ ልገባ ነው፣ አንተ እዚህ ከመኪና ጋር ታወራለህ? አውጣውና ይለቅልን! ሙዚቃ አምጣልኝ ያለህ ማን ነው?»

በሩን ዘግታ ገባች።

«እውነት ለምን አታወጣውም?» አልኩት።

ካቻቢቴውን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። «ከግጭቱ በኋላ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ‹ግጭቱ አይደለም ያስፈራኝ፣ ሞተሩ ጠፍቶ የመጣው ጸጥታ ነው› አለችኝ። እና ዝም የማትል መኪና ልሥራላት ብዬ ነው።» ትንሽ አሰበ። «እሱስ ተሳክቷል።»

መሣቅም ማልቀስም አማረኝ። እሱ እጁን በጨርቅ ጠረገና ወደ በረንዳው ሄዶ፣ ከዚህ ሰው አፍ ይወጣል ብዬ የማላስበውን ነገር በመስኮቱ ተናገረ።

«ጋራዥ እንውሰዳት።»

እህቴ ወጣች። «ምን አልክ?»

«ጋራዥ። እኔ አልቻልኩም።»

ግራሶ የተቀባ ግንባሩን፣ የተላጠ ጣቱን ረጅም ጊዜ አየች። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ቀስ ብሎ ሲፈታ አየሁ፤ ፀሐይ የነካው ጤዛ እንዲያ ነው የሚሄደው።

«ቁልፉን አምጣ።»

«እኔ እነዳታለሁ፣ አንቺ አትቸገሪ…»

«አምጣ አልኩህ! አንተ ‹ጋራዥ› የምትለዋን ቃል ካወጣህ፣ እኔ መሪ መያዝ ያቅተኛል?»

«ከጎንሽ ልቀመጥ በቃ።»

«ፍሬን፣ ፍሬን እያልክ ልታሳብደኝ? በእግርህ ና!»

ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ ተነሳ፣ ዘፈኑም አብሮ። ከበሩ ወጥታ ወደ ቀኝ ስትታጠፍ መንደሩ ሁሉ በክላክስ ተናወጠ፤ ከዚያ ሁሉ ጩኸት ሥር እህቴ ስትስቅ ሰማሁ። ከክረምት ወዲህ ያልሰማሁት ሳቅ ነው።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ቤት ውስጥ ሁሉም ነገር በትክክል ይሠራል። እኔ እዚያ ቤት መኖር አልፈልግም።

ክቡርነታቸው በቤት ነጠላ ጫማ ከግቢው ወጡ። «ጫማህን እንኳ ቀይር!» ብዬ ጮህኩ። ሳይዞር እጁን አነሳልኝ፤ እንዳይሮጥ ራሱን እየያዘ፣ ጎማዋ እርጥቡ መንገድ ላይ የተወውን መስመር ተከትሎ ሄደ።