ሞቶ ስላገባው ጃቤዝና ስለ አንዲት የመቃብር ቦታ

የኔዘርዊክ መንደር የዘር ሐረግ አጥኚዎች ማኅበር ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ማክሰኞ ኅዳር 8 ቀን 1983 እ.ኤ.አ.
ቦታ፦ ማሞቂያው የተበላሸበት የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ

የተገኙ፦ ሚስተር ኦስበርት ፓርዶ (ሰብሳቢ)፣ ሚስ ቬራ ክራግ (ምክትል)፣ ቄስ ቲንዳል (ተኝተው)፣ ኢኒድ ተልክ (ጸሐፊ)።
ያልተገኙ፦ ሚስተር ሃብል፣ ባለቤታቸው ስለከለከሏቸው።

መተኛት መቅረት እንዳልሆነ ከተወሰነ በኋላ ምልዓተ ጉባኤው ተሟላ።

አጀንዳ 1፦ ከዛፉ ሥር የቀረችው አንዲት የመቃብር ቦታ

ቦታዋ በመንደሩ ከሁሉ ረጅም የዘር ሐረግ ላለው ቤተሰብ እንድትሰጥ ባለፈው ስብሰባ ተወስኗል። ሰብሳቢው የጥንት አያታቸው ጃቤዝ በግንቦት 1720 እዚሁ ማግባቱን ከደብሩ መዝገብ አንብበው፣ ቦታዋ ለእኔ ትገባለች አሉ። ከሟች ባለቤታቸው ከማቤል አጠገብ ያለች ናት። ቦታዋን ለራሳቸው የሚፈልጉት ሚስ ክራግ ግን ያው ጃቤዝ በየካቲት 1720 መቀበሩን ከዚያው መዝገብ አሳዩ።

«ተቀብሮ ነው ያገባው? እንዲያ ከሆነማ ኦስበርት፣ አንተ የማን ልጅ ነህ?»

ሰብሳቢው ቤተሰባቸው ምንጊዜም ጤናማ እንደነበረ አስረዱ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ጃቤዝ ሞቶ ማግባቱ በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ፤ እኔም ብርዱ ስለጠናብኝ ደገፍኩ። ሙሽራይቱ ባለማስተዋሏ እንድትገሠጽ፣ ቦታዋም ለሚስ ክራግ እንድትሆን ተወሰነ። ሰብሳቢው አለቀሱ። አንጀቴን በሉት።

አጀንዳ 2፦ ልዩ ልዩ

ቄስ ቲንዳል በለቅሶው ነቅተው የተፈጠረውን ጠየቁ። ሲነገራቸውም በዚያ ዘመን ዓመቱ የሚጀምረው በመጋቢት፣ በብሥራት በዓል እንደነበረ፣ ስለዚህ የ1720 የካቲት ከግንቦቱ በኋላ እንደመጣ አስረዱ። ጃቤዝ አግብቶ ነው የሞተው። ቀጥለውም ገጹን ገልጠው፣ መበለቲቱ በተከታዩ ዓመት ኤሊ ክራግ የተባለ ሰው አግብታ መውለዷን አነበቡ።

«ሁለታችሁም የአንዲት ሴት ዘር ናችሁ» አሉና መልሰው ተኙ።

ሚስ ክራግ መነጽራቸውን ጠረጉ።

«ውሰዳት በቃ። የሥጋ ዘመዴን ከማቤል ለይቼው በምን ዓይኔ ሰው አያለሁ?»

ውሳኔ፦ ከላይ የተወሰነው ሁሉ፣ የሙሽራይቱ ተግሣጽ ጭምር፣ ተሽሯል። ቦታዋ የሰብሳቢው ናት። ሚስ ክራግ ሌላ ቦታ እስኪገኝላቸው ድረስ እንዳይሞቱ ተወስኗል።

ስብሰባው ከቀኑ 11፡10 ሰዓት ላይ አበቃ። የመጨረሻውን ውሳኔ ሰብሳቢው ሁለቱንም እጃቸውን አንሥተው ደግፈዋል።