ለሁሉም ሠራተኞች የተላከ ማስጠንቀቂያ

(ጎንደር፣ አራዳ። የአንድ ክሊኒክ በር። ቢሻው የክሊኒኩ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። አያ አዳሙ ከኮሶዬ የመጡ የበር ጥበቃ ናቸው።)

ቢሻው፦ አያ አዳሙ፣ ዳታ ያልኩት እሱን አይደለም። ስልክዎን መልሰው ያብሩት።

አያ አዳሙ፦ አንተው አይደለህ «ዳታችን አደጋ ላይ ነው» ያልከው? እኔም ቶሎ ብዬ አጠፋሁት።

ቢሻው፦ የታካሚውን መረጃ ማለቴ ነው፤ ስሙን፣ ስልኩን፣ ሕመሙን። ሕጉ ጥበቃ ይደረግለት ይላል።

አያ አዳሙ፦ ሸጋ ሕግ ነው። ጥበቃው እኔ ነኝ፤ በየትኛው በር ነው የሚወጣ?

ቢሻው፦ በበር አይወጣም። ሠራተኞቹ በግል ኢሜይላቸው ይልኩታል።

አያ አዳሙ፦ ምነው፣ በግል ቢልኩት? ሰው ፊት ከመላክ አይሻልም?

ቢሻው፦ የግል ማለት በድብቅ ማለት አይደለም። የራሳቸው፣ ክሊኒኩ የማያዝበት ማለት ነው። ሠራተኛዋ ነገ ሥራ ብትለቅ የታካሚው ውጤት አብሯት ይሄዳል።

አያ አዳሙ፦ ደባርቅ ድረስ?

ቢሻው፦ ዱባይም ድረስ።

አያ አዳሙ፦ ታካሚው ሳይሄድ?

ቢሻው፦ ታካሚው እዚሁ ተኝቶ።

አያ አዳሙ፦ እንግዲያ አስቀድሞ ሰውዬውን መጠየቅ ነዋ።

ቢሻው፦ ይኼ ለእርስዎ ይከብድዎታል። እኔም ሦስት ቀን ሠልጥኜበት ነው። ለማንኛውም ዛሬ ለሁሉም ማስጠንቀቂያ ልኬያለሁ። የካርድ ክፍሏ ወይንሸት በግል ኢሜይሏ ስትልከው የያዝኩትን ዝርዝርም ለማስረጃ አያይዣለሁ።

(አያ አዳሙ ስልካቸውን ያበራሉ። ስልኩ ደጋግሞ ይጮኻል።)

አያ አዳሙ፦ ልጄ በከፈተችልኝ ኢሜይል መጣ መሰል። «ቢሻው ቆንጆው» የሚለው አንተ ነህ?

ቢሻው፦ እሱ የራሴ ነው። የቢሮው የይለፍ ቃል ጠፍቶብኝ፣ ለዛሬ ብቻ ብዬ።

አያ አዳሙ፦ (ስልኩን ራቅ አድርገው እያዩ) ዝርዝሩን ከፈትሁት። (ወዲያው ይዘጉታል) የመጀመሪያውን ስም አይቼ ተውሁት። የሰው ገመና ነው።

ቢሻው፦ የማንን ስም?

አያ አዳሙ፦ የሥራ አስኪያጃችንን፣ የዶክተር ዳኛውን። አጠገቡ «ኪንታሮት» ይላል።

ቢሻው፦ (ግድግዳውን ተደግፎ) ስሞቹን ሳላጠፋ ነው የላክሁት። ምናልባት እስካሁን ማንም አላየው ይሆናል።

አያ አዳሙ፦ ኧረ ሁሉም መልስ ጽፏል። ወይንሸት «እግዚአብሔር ይማርዎት ዶክተር» ብላለች። ላቦራቶሪዎቹም እንደዚያው። ሾፌሩ ማሩ ደግሞ እናቱ የዳኑበትን ቅባት ስም ልኳል።

ቢሻው፦ ዶክተርስ?

አያ አዳሙ፦ እሳቸውም ጽፈዋል።

ቢሻው፦ ምን ብለው?

አያ አዳሙ፦ «ቢሻው፣ አሁኑኑ ቢሮዬ ና። ቆመን እንነጋገራለን።»