ጋሽ ዘንድሮ እና አስፋልቱ

አስፋልት ከመሐንዲሱ ቀድሞ የሚታየው ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ከተማዋ ትንሽ ከሆነች ደግሞ ያ ሰው ከከንቲባው በላይ ይታወቃል። የኛው ክቡር ጋሽ ዘንድሮ ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያስታውሱት ባለቤታቸው ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ካልተቆጡ አይጠሩትም። "መንገዱ መቼ ነው የሚመጣው?" ላላቸው ሁሉ የጋሽ ዘንድሮ መልስ አንድ ነበር፦ "ዘንድሮ!"

ጋሽ ዘንድሮ ጎማ ጠጋኝ ናቸው፤ ጎሚስታ። መቼም ጎሚስታ የሚሠራው መኪና ባለበት ነው። እሳቸው ግን ከመናኸሪያው በር ላይ ሱቃቸውን ነቅለው በከተማዋ ጫፍ፣ ከአህያ በቀር አላፊ በሌለበት የአቧራ መንገድ ዳር ተከሉት። የአህያ ኮቴ ደግሞ አይተነፍስም። ለብዙ ጊዜ ደንበኞቻቸው የእጅ ጋሪና ብስክሌት ነበሩ፤ አንዳንዴም የሰፈሩ ኳስ።

"ሳቁ፣ ሳቁ" ይሉናል። "አስፋልቱ በዚህ ሲያልፍ ቦታ ፍለጋ እኔው ጋ ነው የምትመጡት።"

አንድ ቀን እውነትም ቀያሾች መጡ። ባለ ሦስት እግር መሣሪያቸውን ልክ ሱቁ ፊት ለፊት አቁመው በአንድ ዓይናቸው ሲያዩ ዋሉ፤ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ቸክለው ሄዱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋሽ ዘንድሮ የችካሉ ዘበኛ ሆኑ። ፍየል ልታከክበት ስትል ያባርራሉ፤ ዝናብ ቀለሙን ሲያጥበው ራሳቸው መልሰው ይቀቡታል። "መሐንዲሱ እኮ ሲሄድ እጄን ጨበጠኝ" ይላሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "እንዲህ ያለ ሰው ዝም ብሎ እጅ አይጨብጥም።"

ወዲያው ለሾፌሮች ማረፊያ የሚሆኑ ክፍሎች ማሠራት ጀመሩ። መብራት እንደ እንግዳ ብቅ ብሎ በሚጠፋበት ሰፈር ኮምፕሬሰር አስገቡ። ጠዋት ጠዋት "እንዳይዝግ" ብለው ሲያስነሱት ሰፈሩ በሙሉ ከእንቅልፉ ነቅቶ ይራገማል። ጎረቤቱ "ላም አለኝ በሰማይ" እያለ ተረተባቸው፤ እሳቸው ግን ላሚቱን ለማለብ ጥጃውን እየፈቱ ነበር።

ባለቤታቸው እትዬ ግን አይስቁም። እትዬ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ እጃቸው የተመሰከረለት። ትልቁ ከተማ ያለችው እህታቸው እዚያ ካለው መናኸሪያ አጠገብ ባለ ሁለት በር ሱቅ አግኝታ፣ "ኑ እንጂ! በአንዱ በር አንቺ ትሰፊያለሽ፣ በአንዱ እሱ ይጠግናል" አለቻቸው። እትዬ የስፌት መኪናቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ዕቃውን ሁሉ አስረው ደጃፍ ላይ ቆሙ።

"ዘንድሮን ብቻ እንየው" አሉ ጋሽ ዘንድሮ።

"አምናም ይህንኑ ነው ያልከኝ።"

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ታገሺ እንጂ።"

"እንቁላሉማ ሄደ" አሉ እትዬ። "እኔ ነኝ የቀረሁት።" ይህን ብለው ገመዱን መፍታት ጀመሩ። እህትየው ጠብቃ ጠብቃ ሱቁን ለሌላ ሰው ለቀቀችው።

አስፋልቱ መጣ። መጣ ስል፣ ከወንዙ ማዶ መጣ። በኛ በኩል ያለው መሬት ረግረግ ነው አሉና ከተማዋን በሩቁ ዞሯት አለፈ። አውቶቡሶች ወደ ውስጥ መግባት ተዉ። ተሸካሚዎቹ፣ ሻይ ሻጮቹ፣ በመጨረሻም ባንኩ ራሱ ጓዙን ጠቅልሎ ከአስፋልቱ ወደ ከተማዋ ወደሚያስገባው መገንጠያ ወረደ። በመናኸሪያው የቀሩት ተራ አስከባሪው ሽማግሌ ብቻ ነበሩ፤ የሚያስከብሩት ተራ ግን አልነበረም።

መንገዱ የተመረቀ ዕለት ጋሽ ዘንድሮ ከቤት አይወጡም ብለን ነበር። ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው መጡ። አንዱ ቀልደኛ "ጋሽ ዘንድሮ፣ እንኳን ደስ ያለዎት! መጣልዎት!" ብሎ ሲጮህ ሕዝቡ አውካካ። እሳቸውም አብረው ሳቁ። ከዚያ ቁጢጥ ብለው አስፋልቱን በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ እንደ ታማሚ ግንባር።

"ጥሩ አድርገው ነው የሠሩት" አሉ።

ቶሎ አልተነሱም። ሳቁም ቀስ እያለ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ያችን ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም፤ ስሙ ግን እንደተጣበቀባቸው ቀረ።

አሁን መገንጠያው ላይ ጎሚስታ እንደ አሸን ፈልቷል። የጭነት መኪና ባለንብረቶች ማኅበር ጋሽ ዘንድሮንም እዚያው ቦታ እንስጥዎት ብሏቸው እምቢ ማለታቸውን ሰማሁና ሱቃቸው ድረስ ሄድኩ።

"ምነው ጋሼ? ይህን ሁሉ ዓመት የጠበቁት ለዚህ አይደለም እንዴ?"

ከሱቁ ወደ ቤታቸው የሚያስገባውን የውስጠኛውን በር ገፋ አደረጉልኝ። እትዬ መስኮቱ ሥር ትራስ ተደግፈው የሰው ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ይተክላሉ። ጉልበታቸው ከከዳቸው ቆይቷል፤ የስፌት መኪናውን መርገጥ ቀርቶ እስከ ደጃፍ መድረስም ያለ ደጋፊ አይችሉም።

"እሷ እንሂድ ስትል እኔ ቆይ አልኳት" አሉ ጋሽ ዘንድሮ። "አሁን እኔ ልሂድ ብል ማን ያነሣታል?"

"ሂድ ብዬዋለሁ!" አሉ እትዬ ከውስጥ። "ቁጭ ብሎ ሲያየኝ ይውላል። እኔ አስፋልት ነኝ?"

"አንቺ ደግሞ!" አሉ፤ ቁጣ ግን አልነበረበትም። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "ደጅ ደጁን ሳይ ነው የኖርኩት" አሉኝ። "ትንሽ ጊዜ ፊቴን ወደ ውስጥ ባዞር ምን አለበት?"

እኔ ዛሬም አሮጌ መኪናዬን ይዤ፣ የመገንጠያውን ጎሚስታዎች ሁሉ አልፌ፣ ከአስፋልቱ ወርጄ አቧራ እየጠጣሁ እሳቸው ዘንድ እሄዳለሁ። ጎማዎቹን አንድ በአንድ በመዶሻ ኳ ኳ ያደርጉና ፊታቸውን ኮስተር አድርገው "ይህኛው ትንሽ አየር ያንሰዋል" ይሉኛል።

አያንሰውም። ሁለታችንም እናውቃለን።

"ይሙሉልኝ እንግዲህ" እልና ወደ ውስጥ ገብቼ ከእትዬ ጋር ወግ እጀምራለሁ።