ታክሲ ውስጥ የሰጠሁት ጥቆማ

ቂልነቴን ልናገርና እናንተም ሳቁብኝ፤ ለፖሊስ የደወልኩት ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነው። ምን ላድርግ? ኮልፌ፣ ቀይ ጃኬት የለበሰ ጎረምሳ የጎረቤቴን የውሃ ቆጣሪ ሲነቅል አየሁት፤ እሱም አየኝ። ዞር ብዬ ሳላይ የአየር ጤና ታክሲ ጋቢና ገባሁና፣ አፌን በእጄ ሸፍኜ ስልኬ ላይ ማንሾካሾክ ጀመርኩ።

«አይሰማም አባት፣ ጮክ ይበሉ!» አለኝ ፖሊሱ።

ጮክ አልኩ። የሌባውን መልክ፣ ቀጥሎ ስሜን፣ ቀጥሎ የቤቴን አረንጓዴ በር ተናገርኩ። ሾፌሩ ሊተባበረኝ ብሎ ዘፈኑን ቀነሰ። እንደኔ ያለ ጀግና ዜጋ ከየት ይገኛል?

ስወርድ፣ ከኋላ ወንበር የወረደ ልጅ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። ጃኬቱን አውልቆ ብብቱ ስር ይዞታል። ቀይ ነው።

«ጋሼ፣ አረንጓዴ በር ያሉት ወፍጮ ቤቱ ጎን ያለውን ነው አይደል?» አለኝ።