አስተናግር በመጋዘኑ ጓሮ

ጥርሱን ያመመው ሰው የማያደርገው ነገር የለም። እኔ አንድ ጊዜ የሰው ምክር ሰምቼ ቅርንፉድ በአረቄ ስነክር፣ ከጥርሴ ይልቅ ራሴን አደነዘዝኩት። የኩሊው የደምሴ ግን ይብሳል።

በጃንሆይ ዘመን ነው። ያኔ ጎጃም በረንዳ አንድ የእህል መጋዘን ጸሐፊ ነበርኩ። ምሳችንን የምንበላው በርበሬ በረንዳ፣ እትዬ አሰለፈች ዘንድ ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በርበሬውን ራሳቸው ቀንጥሰው፣ ራሳቸው አስፈጭተው የሚሸጡ የጎጃም ሴት ናቸው። ለእኛ ለጎረቤቶቻቸው ደግሞ ሽሮ ይሠሩልናል። ምን ዓይነት ሽሮ!

አንድ ቀን ደምሴ ሽሮውን በልቶ ከመውጣቱ ማውራት ጀመረ። እሱ እኮ ዝምተኛ ነው! ያን ዕለት ግን በር ላይ ለቆመ አህያ እጅ ነሳ። «እንደምን ዋሉ ጌታዬ፣ ቤተሰብ ደህና?» አህያው ዝም ቢለው ተቀየመ። ዓይኑ ፈጦ፣ አፉ ደርቆ፣ የሌለ ክር ከአየር ላይ ይለቅማል። ስቀን ሳንጨርስ ወደቀ። ተሸክመን ሐኪም ቤት አደረስነው።

«በርበሬው ውስጥ አንድ ነገር አለ» ያለው ማነው? ምን እደብቃለሁ፣ እኔ ነኝ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ራጉኤል ደረሰ። በማግስቱ እትዬ አሰለፈች ዘንድ ደንበኛ ዝር አላለም። የበረንዳው ሽማግሌ ጋሼ ወልዴም መጥተው፣ ነገ ቦታውን እንዲለቁ ነገሯቸው።

እትዬ አሰለፈች አላለቀሱም። ነጠላቸውን አጣፍተው ሐኪም ቤት ሄዱ። ደምሴ ነፍሱን አውቋል። ጥርሱ አላስቀምጥ ብሎት፣ ከምሳ በፊት ከመጋዘኑ ጓሮ የአንድ እሾሃም ፍሬ ዘር ማኘኩን ነገራቸው።

ተመልሰው ጋሼ ወልዴን፣ እኔንና ግማሹን በረንዳ ወደ ጓሮው ነዱን። ከቆሻሻው ክምር አጠገብ ቅጠሉ ሰፋፊ፣ ፍሬው እሾሃም የሆነ ተክል ቆሟል።

«አስተናግር ነው፤ የቀመሰውን ሁሉ የሚያስለፈልፍ» አሉ እትዬ አሰለፈች።

ጋሼ ወልዴ ሳቁ። «አስተናግርማ አውቃለሁ። እንደ መለከት አፉን የከፈተ ነጭ አበባ አለው። የዚህ አበባው የታለ? ደግሞስ የገጠር ተክል መርካቶ ምን ይሠራል?»

«ጋሼ ወልዴ፣ የአስተናግር አገሩ አመድ መድፊያ ነው፤ ፍርስራሽ፣ በረት ዳር፣ ሰው የናቀው ቦታ ሁሉ። መርካቶ ይህ ጠፍቶ ነው? አበባው ደግሞ ቀን ይተኛል። የቸኮለ ይሂድ፤ እኔ እጠብቃለሁ።»

ማን ይሄዳል? ቆምን። አሥራ አንድ ሰዓት አለፈ። ጋሼ ወልዴ ሁለት ጊዜ አዛጉ። ፀሐይዋ ከቆርቆሮው ጀርባ ስትገባ፣ እኛ ቅጠል ነው ያልነው ጥምዝምዝ እንቡጥ ላላ። ከዚያ ተፈታ። ነጭ! ጎኑ ያለውም ተከተለ። ሦስተኛው ሲከፈት በርበሬ ሻጮቹ እልልታውን አቀለጡት። ጋሼ ወልዴ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «ይቅር ይበሉኝ እትዬ» አሉ፤ ሰው ሁሉ እየሰማ። እኔ ጉልበታቸው ላይ ልወድቅ ስል፣ «ተነሣ! ነገ ሁለት ሰሃን ሽሮ በሰው ፊት ትበላለህ» ብለው ፈረዱብኝ። እንዲህ ያለ ፍርድ በየቀኑ ይፈረድብኝ!

ተክሉን ነቅለን ቀበርነው። በማግስቱ የእትዬ አሰለፈች ሰልፍ መንገድ ዘጋ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ አበው። ይበሉ። የእትዬ አሰለፈች እውነት ግን የጠራው ሲመሽ ነው።