የሙራሪ ላል የፓፓያ ቅጠል

በሽተኛ ባለበት ሁሉ ዶክተሩ ሳይደርስ የሚያክም ጎረቤት አይጠፋም። በሕንድ፣ ላክናው ከተማ፣ ለእኛ ሰፈር የደረሱን ክቡር ሙራሪ ላል ናቸው። ጡረታ የወጡ የባቡር ቲኬት ቆራጭ ናቸው፤ ሕክምናውን ያስተማራቸው አንደበታቸው ነው። «እኔ ልንገርህ» ብለው ከጀመሩ ነርሶቹ እንኳ መንገድ ይለቃሉ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬን የምረግጥበት ቀኝ እግሬ ከዝናቡ ወራት በፊት ቆሰለ፤ ስኳር አለብኝና አልድን አለ። ሙራሪ ጂ፣ በእኛ አገር አክብሮት እንዲህ ነው የምንጠራቸው፣ እርድ ነሰነሱበት፣ ማር ቀቡት፣ በኒም ቅጠል አጠቡት። ቁስሉ ሰፋ። እሳቸው ግን «ሊድን ሲል ነው» አሉ።

ሆስፒታል ስገባ ዶክተር ፋርሃት ከክንዴ ደም ቀድታ፣ ፕላትሌት የሚባለውን የደም ክፍል በማሽን ለይታ፣ ያረጋችውን ቢጫ ነገር ቁስሉ ላይ አኖረችው። ፕላትሌት ደም ከማርጋት አልፎ በቁስሉ ዳር ያሉትን የቆዳ ሕዋሳት ይጠራል አለችኝ፤ ሕዋሳቱም ተባዝተው ወደ መሀል እየገፉ ጉድጓዱን ይሸፍናሉ። ዳሩ ካልተንቀሳቀሰ ግን እግሬ ይቆረጣል።

ሙራሪ ጂ «ፕላትሌት» የሚለውን ሲሰሙ ዓይናቸው በራ። እኛ አገር ዴንጊ የሚባለው የትንኝ ትኩሳት ሲገባ ፕላትሌቱ የወረደበት ሁሉ የፓፓያ ቅጠል ጭማቂ ይጠጣል፤ ዶክተር የሚጠይቅ የለም። በማግስቱ አረንጓዴ ውኃ በማሰሮ ይዘው መጡ።

«እኔ ልንገርህ፣ የእህቴን ልጅ ከሞት ያስነሣው ይሄ ነው። ጠጣ።»

«ሙራሪ ጂ፣ የታመመው እግሬ ነው፤ ፕላትሌቴ አላነሰም።»

«ታዲያ ቢተርፍህ ምን ይጎዳሃል?»

አንዴ ቀመስኩት፤ ከኮሶ ይብሳል። ቀሪውን መለስኩላቸው። ተቀይመው ማሰሯቸውን ይዘው ሄዱ።

ሕክምናው ተደጋገመ። ፋሻው በተፈታ ቁጥር የዶክተሯን ፊት አያለሁ፤ የቁስሉ ዳር ግን ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ አልጋዬ ላይ ተቀምጣ፣ «አባባ፣ ፕላትሌትዎ ይጣራል፤ ስኳሩ ያደከመው ቆዳዎ ነው የማይሰማው» አለችኝ። ቁስሉ አጥንት ደርሷል፤ እግሬ ነገ ይቆረጣል። እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ከሰዓት በኋላ ሙራሪ ጂ እጅጌያቸውን ሰብስበው ገቡ። ከስተዋል፤ ጢማቸው ጫፍ ላይ አረንጓዴ ደርቋል።

«ልጄ፣» አሏት ዶክተሯን፣ «የዚህ ሰውዬ ፕላትሌት ልክ እንደሱ ዝምተኛ ነው። የእኔን ውሰጂለት። እሱ አልጠጣም ሲል ቅጠሉን እኔ ስጠጣ ነው የሰነበትኩት። የእኔ ከጀመረ ደግሞ መች ዝም ይላል? የተኛውን ሁሉ ይቀሰቅሳል።»

የማንም ደም ከእንግዲህ እግሬን እንደማያድነው ቀስ ብላ ነገረቻቸው። እጅጌያቸውን አውርደው ቆለፉና አጠገቤ ተቀመጡ። ምንም አልተናገሩም።

ዕድሜዬን ሙሉ ዝም በሉልኝ ስላቸው የኖርኩት ሰው ዝም ሲሉ ፈራሁ። ያን ጊዜ ምን ያህል እንደምወዳቸው ገባኝ።

«ሙራሪ ጂ፣» አልኳቸው፣ «በአንድ እግር መኪና እንዴት ይረገጣል?»

ብርድ ልብሱ ሥር ያለውን እግሬን ብዙ አዩት። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔ ልንገርህ...» አሉና እዚያው ላይ ቀሩ።