ሊቀ ሙጫ እና የሚያንኳኳው መገጣጠሚያ

በጀልባ መሥሪያው የሚወራው ይህ ነው፦ ሊቀ ሙጫ የሚሏቸው አዛውንት አጣባቂ ጆሯቸውን ሲያስደግፉበት ዕቃው ያናግራቸዋል። «ከሟቹ ቀቢያችን ጋር ሲያወጉ ሰምቻለሁ» ብሎ የሚምልም አለ። የሥራውን ጥራት የምትመረምረው ተቆጣጣሪ ግን አታምንም። ሙጫ በሚሸትበት ቤት ሁሉ እንዲህ ያለ አንድ ሽማግሌ አይጠፋም፤ ሽታው አናቱ ላይ የወጣ ወሬኛም እንዲሁ።

ክቡርነታቸው የሚያጣብቁት ካርቦን ፋይበርን ከፋይበርግላስ ጋር ነው። «ጋብቻ ነው» ይላሉ። «ፋይበርግላስ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይኮማተራል። ካርቦን ግን ግትር ነው፤ ንቅንቅ አይልም። መሃል ገብቶ ሁለቱንም የሚችላቸው ሙጫው ነው።» ሙጫ የሚቀባውን ገጽ ሲፍቁና ሲወለውሉ አጠገባቸው ያስነጠሰ ሰው ወዮለት!

የዚያን ዕለት የነፍስ አድን ጀልባ አከርካሪ፣ ከታች የሚሸከማት ወራጅ፣ በማሰሪያ እንደተጠፈረ ሙጫው ከሚደርቅበት ምድጃ ወጣ። ጀልባዋን የሚነዳው የተቆጣጣሪዋ ታናሽ ወንድም ነው። ሊቀ ሙጫ ጉንጫቸውን አስደግፈው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው ቆዩና፣ «ተስማምተዋል፤ ማሰሪያውን ፍቱ!» አሉ።

ተፈታ። ሰዉ ምሳ ወጣ። ማራገቢያው ጠፋ። ተቆጣጣሪዋ ብቻዋን ቀረች።

ጣ።

ከውስጥ ነው፤ ሰው በጥፍሩ በር የሚያንኳኳ ይመስላል። ጠጉሯ ቆመ። «ማነው?» አለች፤ ፕላስቲክን!

ጣ። ጣጣጣ። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ የሚመስል ነገር መገጣጠሚያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደበት። በሳንቲም መታችው። ሌላው ቦታ ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ እዚያ ላይ ግን ዱብ፣ ዱብ። ባዶ ነው። ወንድሟ ማዕበል መሃል ታያት።

«ጋሼ! ለቋል! ኧረ ድረሱ!»

ሊቀ ሙጫ ምሳቸውን ጥለው መጡ። ሰበብ አልደረደሩም፤ መፍጫውን አንስተው የገዛ ሥራቸውን ላጡት። እሷ የወንድሟን ነፍስ ለሌላ ሰው ሙጫ የማትሰጠው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። እንደገና የተጣበቀው አከርካሪ ከምድጃ ወጥቶ እስከ ውስጡ እስኪበርድ ማሰሪያውን ማንም አልነካም። ሲፈታ ዝም አለ። በሳንቲም ሲመታም ዳር እስከ ዳር ጥርት ብሎ ጮኸ።

ያኔ ደፍራ ጠየቀች። «ግን ጋሼ፣ ዕቃ ያናግርዎታል ይባላል። የፊተኛው እንዴት ሳይነግርዎ ቀረ?»

«ማን? ፕላስቲኩ?» ሊቀ ሙጫ አልሳቁም። «ልጄ፣ ዕቃም አያናግረኝ፣ ሙታንም አያናግሩኝ። የማስደግፈው ጆሮ ከልጅነቴ ጀምሮ ደንቆሮ ነው። ጉንጬን የማስጠጋው መብረዱን ለማወቅ ነበር፤ ያን ዕለት ውስጡ ሳይበርድ አስፈታሁት፤ ጉንጭ ላዩን እንጂ ውስጡን አያውቅም።»